እስትንፋስን ስለ መዋስ

ሰው ከጎረቤቱ እሳት ይጭራል፤ እህል ይበደራል፤ በሬ ይዋሳል። እስትንፋስንስ ከሌላው ሰው ይዋስ ዘንድ ይገባዋልን? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ በተደረገ ጊዜ በሽተኛው የኖረው 18 ቀን ብቻ ነበር። በ1983 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቶሮንቶ የተደረገለት ሰው ግን ለዓመታት ኖረ። ስለዚህ ጥያቄው ዛሬ ከተረት ወጥቶ ከሐኪሙ ፊት ቆሟል።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በዚሁ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ኩላሊትን ሕያው ዘመድ ለዘመዱ ይሰጣል፤ እርሱም በቀረለት ይኖራል። ሳንባ ግን ከጥቂት ጊዜ በቀር የሚገኘው ከሞተ ሰው ነው፤ ከአካል ተለይቶ የሚቆየውም ለጥቂት ሰዓታት ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ስጦታውን የሚለምነው ገና ልቅሶ ከተጀመረበት ቤት ነው።

በደባርቅና በዳባት ደጋ ብርዱ ስለሚጠና እሳቱ በቤት ውስጥ ይነዳል። እናት ምጣዷን ጥዳ ጢሱን ስትምግ ትኖራለች፤ ትምባሆ ሳትቀምስም ሳንባዋ ይታመማል። «ለአንድ ሰው ንቅለ ተከላ በሚወጣው ገንዘብ ስንት የጢስ መውጫ ይሠራ ነበር?» የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። የጎንደርም ታሪክ ይደግፋቸዋል። በ1953 ዓ.ም. ወባ በደምቢያ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. በከተማይቱ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አስቀድሞ ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ነው።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ ሐኪሞችን ማስተማር በ1978 ዓ.ም. ተከተለ። መከላከል ቢቀድምም ፈውስን አልከለከለም። በወንዝ ለሚሰጥም ሰው «ድልድይ እስክንሠራ ታገሥ» አይባልምና።

ታዲያ ሚዛኑ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ሚዛኑ የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም፤ ሰጪው ተቀባይም ሊሆን መቻሉ ነው። ኢትዮጵያዊ ከሞተ በኋላ ለወገኑ መስጠትን እንደማይንቅ፣ በ2003 ዓ.ም. ለተመሠረተው የዓይን ባንክ ብሌናቸውን የተናዘዙ ሰዎች አስመስክረዋል። ነገር ግን የደባርቅ ገበሬ ልጁን በቀበረበት ቀን ሳንባውን እንዲሰጥ ቢለመን፣ ሚስቱም በታመመች ጊዜ ከዚያው ደጃፍ ብትመለስ፣ ስጦታው ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የድኻ ግብር ይሆናል።

ስለዚህ የሳንባን ንቅለ ተከላ ለማቋቋም የሚያስብ አገር አስቀድሞ ጢሱን ከጎጆ ያውጣ፤ ቀጥሎም ሕጉን ለሁሉ እኩል ያድርግ። የሕያዋንን እስትንፋስ ያልጠበቀ መንግሥት የሙታንን ለመለመን ምን አፍ አለው?