ባዶው ዙር

አጎቴ ሐረር ላይ ታክሲ ይነዳል። መኪናው ፔጆ 404 ናት። ሐረርን ለሚያውቅ ሰው ስለ ፔጆዎቿ ማስረዳት አያስፈልግም። ለማያውቅ ግን ባጭሩ፦ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ አካሏን ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን ንድፍ ቤት የሳላት፣ ማርሿ መሪው ሥር የሆነች የፈረንሳይ መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካውን የሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻው ላይ የደረሱት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። አውሮፓ ውስጥ መመረት ካቆመች ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኗታል። ሐረር ላይ ግን ባጃጁ ሁሉ እየተሽቀዳደመባት ዛሬም ሰው ትጭናለች።

አምና ክረምት ለእረፍት ሄጄ አጎቴን ወገቡ ያዘውና ተኛ። «ቁልፉን ውሰድና ፈረስ መጋላ ድረስ ዕቃ አድርስልኝ» አለኝ። ወሰድኩ። ለመኪና በሚሆነው በሐረር በር ገባሁና ቀጥታውን መንገድ ያዝኩ። ጀጎል ውስጥ መኪና የሚሄድበት መንገድ ጥቂት ነው፤ እሱም ላይ ሰው፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ አብረው ነው የሚሄዱት። ቅርጫት የተሸከመች ሴትዮ ከግራ ወጣች። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ምንም የለም። ጨመርኩ፤ አሁንም የለም። ከዚያ ድንገት መኪናዋ ሰማችኝና ከፈለግኩት እጥፍ ዞረች። ፍሬን ስይዝ ከአንድ ሱቅ በረንዳ አንድ ክንድ ቀርቶኝ ነበር። ሴትዮዋ ደኅና ናት፣ ብርቱካኗ ግን አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ተንበርክኬ ስለቅም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ትስቃለች። «የጋሼ መኪና አይደለችም እንዴ? አንተ ማነህ?» አለችኝ።

ማታ ለአጎቴ ነገርኩት። መሪው ሦስት ጣት ያህል ባዶውን ይዞራል አልኩት። ከልቡ ተገረመ። «አቦ! ምን ባዶ ይዞራል? እኔ ስነዳት ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።»

ውሸት አልነበረም። በማግስቱ ወገቡን እያሸ ሲነዳ ጎኑ ተቀምጬ እጁን አየሁት። ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ትንንሽ፣ ልክ ልብስ እንደሚሰፋ ሰው። ክፍተቱን መኪናዋ ከመሳቷ በፊት እየሞላው ነው፤ መታጠፊያ ሲመጣ ደግሞ ሦስቷን ጣት ቀድሞ ይበላታል። እያደረገው መሆኑን አያውቅም።

ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የአጎቴ እጅ ያለው ነገር ችሎታ ነው? አዎ፣ እኔ በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምሬ የሌለኝ ችሎታ ነው። ግን ያው ችሎታ ነው ብልሽቱን ለዓመታት የደበቀው። ክፍተቱ በአንድ ቀን ሦስት ጣት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ጋራዥ ይወስዳት ነበር። የመጣው በፀጉር ስፋት፣ በፀጉር ስፋት ነው፤ እጁም በዚያው ልክ ተማረው። በ1986 የፈነዳችውን ቻሌንጀር የተባለች መንኮራኩር ያጠናችው ዳያን ቮን የምትባል ሶሲዮሎጂስት ናሳ ውስጥ ያየችው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማተሚያ ጎማዎቹ ላይ ጉዳት መታየቱ ተደጋገመ፤ መንኮራኩሮቹ ግን በሰላም ይመለሱ ነበር፤ በሰላም በተመለሱ ቁጥር ጉዳቱ «የተለመደ» ሆነ። ሰባት ሰዎች ሞቱ። እዚያ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። እዚህም ክፉ የለም፤ አጎቴ አለ፣ ደህና አድርጎ የሚነዳ።

መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው፤ እነዚህን ፔጆዎች ሲፈቱ ነው ያረጁት። ፊቷን በክሪክ አላነሡም፤ መሬት ላይ እንዳለች እኔን መሪ ላይ አስቀምጠው እሳቸው ከሥር ገቡ። «ዝም ብለህ ግራ ቀኝ አወዛውዛት» አሉኝ። የእጃቸውን መዳፍ እያንዳንዱ መገናኛ ላይ እያሳረፉ የትኛው ቶሎ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደሚንቀሳቀስ ያዳምጣሉ። እኔ አንድ ጥፋተኛ እንደሚገኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ኮድ ላይም እንደዚያ ነው የምናስበው፣ አንዲት የተበላሸች መስመር አለች ብለን። አልነበረም። የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ ትንሽ፣ ጎማዎቹን ከሚገፉት ዘንጎች ጫፍ ያሉት ኳሶች ትንሽ፣ የጎማው ኩሽኔታ ትንሽ። እያንዳንዱ ብቻውን ቢጠየቅ «እኔ ምን አደረግኩ?» የሚል። ትልቁ ድርሻ ግን የመሪው ጥርስ ላይ ነበር።

404 ላይ መሪውን ስታዞሩ ትንሽ ማርሽ ትዞርና ጥርስ የተቀረጸበትን ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ትገፋለች። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ስለዚህ የሚበላው መሐል ያለው ጥርስ ነው፤ ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ይቆያል። እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው። ዘንጉን ማርሿ ላይ የሚጫን በሞላ የሚገፋ ነገር አለ፤ እሱን ማጥበቅ ይቻላል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ክፍተቱም ይጠፋል። «እና ለምን አናጠብቀውም?» አልኳቸው።

«ይጠበቃል። ከዚያ ድንገጎ ላይ ይገልህና ታያለህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተበላውን መሐል እስኪይዝ ካጠበቅከው፣ ያልተበላው ዳር ይታነቃል። ቀጥታ መንገድ ላይ ቆንጆ ሆና ትሄዳለች፤ ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ግን ድንገጎ መታጠፊያዎቹ ላይ መሪው ዞሮ እዚያው ይቀራል፣ በራሱ አይመለስም። ሌላም መላ ነበራቸው፤ የአንዱን ጎን ዘንግ አስረዝሞ የሌላውን አሳጥሮ ማርሿ ከመሐል ወጣ ብሎ ያለ ጤነኛ ጥርስ ላይ እንድትውል ማድረግ። ያኔ ደግሞ ወደ አንድ ጎን የምትዞረው ያነሰ ይሆናል። በጀጎል መንገድ!

(ክፍተት ሁሉ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። ምንም ክፍተት የሌለው መሪ ግራሶ የሚገባበት ቦታ እንኳ የለውም፣ አይዞርም። እኔ የምለው ማንም ሳይወስን ስለመጣው ክፍተት ነው።)

መፍታት ነበረባት። አምስት፣ ስድስት ቀን ያለ ሥራ። ለእኔ ጥያቄው ያለቀ መሰለኝ፦ ተሳፋሪው የማያውቀውን አደጋ ተሳፍሯል፣ ስለዚህ ትፈታ። አጎቴ ግን ዝም ብሎ ሰማኝና «አንተ አዲስ አበባ ስትመለስ እኔ በምን እበላለሁ?» አለ። ከዚያም «ሰዉ የሚሳፈረው እኔን ነው እንጂ መኪናውን አይደለም» አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ሴትዮዋ «የጋሼ መኪና» ነበር ያለችው። መተማመኛዋ እሱ ነው። ችግሩ ያ መተማመኛ ያረፈው በአንድ ሰው ሁለት እጆች ላይ መሆኑ ነው፣ ወገቡ በታመመ ቀን የሚተኛ ሰው። መኪናዋ እሱ ሲነዳት ደኅና የምትሆን ከሆነ ደኅና ናት ማለት ይቻላል? እኔ አይቻልም ባይ ነኝ። ግን ይህን ማለት የማይራብ ሰው ሲለው ቀላል እንደሆነም አውቃለሁ። የቀኖቹን ገቢ ልክፈል ስለው ደግሞ ተቆጣ፤ ያን ምሽት እራት አብረን አልበላንም።

ከእሱ ጋር ስከራከር የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራ ቦታ እኔ የጻፍኩት አንድ ፕሮግራም አለ፤ በየሳምንቱ አርብ ይቆማል፣ እኔ ገብቼ አስነሣዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። ማንም አያውቅም፣ እኔም «እሱን የማውቀው እኔ ነኝ» ብዬ በሆዴ እኮራ ነበር። እዚያች ፔጆ ሥር ቆሜ ፊቴ ጋለ። ለአጎቴ ይኼን ነገርኩት። የማስተምረው መስሎኝ ሳይሆን አፍሬ ነው። ኮምፒውተሩን ብዙም አልገባውም፤ ሳቀና «እና አንተ ስትታመም ማን ያስነሣዋል?» አለኝ። በነጋታው ቁልፉን ለመካኒኩ ራሱ ወስዶ ሰጠ።

ሥራው አምስት ቀን ወሰደ። ጥርሱን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዶ አቧራ ሲገባ ኖሮ ግራሶው ደርቆ ጭቃ ሆኗል፤ የበላው እሱ ነው። ከግቢያቸው ካሉ ሁለት የሞቱ ፔጆዎች ዘንግ አወጡና ጥርሶቹን በጥፍራቸው እየዳሰሱ የተሻለውን መረጡ። የዘንጉን ጫፍ የሚይዘው ቀለበት አልነበረም፤ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ተቀረጸ። ለላስቲኩ ካላማዳሪ ተቆረጠ። ኳሶቹ ተቀየሩ። በመጨረሻ በአራቱ ጎማዎች ጎን ሲባጎ ወጥረው የፊቶቹን ቀጥታ አስተካከሉ።

እኔ ሞከርኳት። ጣቴን ሳንቀሳቅስ ተንቀሳቀሰች ብል ማጋነን ነው፤ ግን ትሰማለች። ደስ ብሎኝ ለአጎቴ አስረከብኩት። ተነሣ፣ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ እንደ ሰከረ ሰው ግራና ቀኝ ትረግጥ ጀመር። እጁ የሌለውን ክፍተት ይሞላል፤ መኪናዋም እያንዳንዷን ትንሽ እንቅስቃሴ ትታዘዛለች። መታጠፊያ ላይ ሦስቷን ጣት ቀድሞ ሲበላ ጎማው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። መንገድ ዳር አቆማት። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«አበላሹብኝ» አለ። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አንዳንድ ተሳፋሪ ከበፊቱ ይልቅ አሁን አደጋ ላይ እንዳለ ተረዳሁ፤ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ለሦስት ቀን ሰው ሳይጭን ከከተማው ወጣ ብለን ጠዋት ጠዋት ተለማመድን። እኔ ነበርኩ የምነዳው፣ እሱ በተሳፋሪው ወንበር። አያወራም፤ መንገዱን ነው የሚያየው። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ።