ያልኖረው ጻድቅ

በመጻሕፍት ፍቅር የተያዘ ሰው ዘመኑን ሁሉ ሲያነብ ኖሮ አንድ ቀን ሊሸሸው ከማይችለው ጥያቄ ጋር ይገናኛል፤ ይኸውም እጅግ አድርጎ የወደደው፣ ዕንባ ያፈሰሰበት፣ ምናልባትም አኗኗሩን ያቀናበት ታሪክ ከቶ ያልተፈጸመ ሆኖ ቢገኝ ፍቅሩ በከንቱ የባከነ ነውን የሚለው ጥያቄ ነው። ለጊዜ ማሳለፊያ ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። አምላኩ የእውነት አምላክ መሆኑን አምኖ፣ ሐሰትን እንዲጠላ ታዝዞ ለሚኖር አንባቢ ግን፣ ባልሆነ ነገር መደሰቱን ለኅሊናው እንዴት አድርጎ እንደሚመልስ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ይህን ጥያቄ በእኔ ዘንድ ያስነሣው መጽሐፍ «በርለዓም ወይዋስፍ» ነው። ስለ ፍጥረት ለመደነቅ ስሻ ፊሳልጎስን፣ ምክር ስሻ አንጋረ ፈላስፋን፣ ልቤ ሩቅ አገር ሲናፍቅ ዜና እስክንድርን እከፍታለሁ፤ ከአማርኛውም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ወዳጄ ልቤ»፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ደጋግሜ አንብቤ አልጠገብኋቸውም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን የህንዱ ንጉሥ ልጅ የይዋስፍ ታሪክ የያዘውን ስፍራ ሌላ መጽሐፍ አልያዘብኝም። አባቱ ጣዖት አምላኪና ክርስቲያኖችን አሳዳጅ ነው፤ ልጁ ወደ ፊት ክርስቲያን ይሆናል የሚል ትንቢት ሰምቶ ስለ ፈራ፣ በሽታና እርጅና ሞትም የሚባል ነገር እንዳያይ ባማረ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዘጋበታል። ልጁ አድጎ ደጅ ለመውጣት በተፈቀደለት ጊዜ ግን ድውይ ያያል፣ ዕውር ያያል፣ ቆይቶም ጥርሱ የረገፈ፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ ያያል፤ ይህ ነገር በሰው ሁሉ ላይ የሚመጣ መሆኑን ጠይቆ ከተረዳ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ደስታ ሁሉ ይመርበታል። በዚህ ጊዜ ባሕታዊው በርለዓም ነጋዴ መስሎ፣ ዋጋው የማይገመት ዕንቍ ይዤአለሁ ብሎ ይገባል፤ ዕንቍም የተባለው የክርስቶስ ወንጌል ነው።

መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው እጨጌ ዕንባቆም ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት ነበር። ይህን ዓመት ባስታወስሁ ቍጥር የምደነቅበት ምክንያት አለኝ። የኢማም አሕመድ ጦርነት ካለቀ ገና ዐሥር ዓመት መሆኑ ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ደብረ ሊባኖስም ራሱ የእሳት ሲሳይ ሆኗል፣ በየገዳሙ ተከማችቶ የነበረው የብራና ሀብት ዐመድ ሆኖ ቀርቷል። በእንዲህ ያለው ወራት፣ የተረፈው ብራናና የተረፈው ጸሓፊ ለመዝሙረ ዳዊትና ለወንጌል እንኳ አይበቃም ሊባል በሚቻልበት ጊዜ፣ በየመን ተወልዶ፣ በንግድ ምክንያት ወደ አገራችን መጥቶ፣ አምኖና ተጠምቆ እስከ እጨጌነት የደረሰው ይህ ሰው ስለ አንድ የንጉሥ ልጅ የሚተርክ ረጅም ታሪክ ለመተርጎም ተቀመጠ። አገር ከፍርስራሽ በምትነሣበት ጊዜ ታሪክ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ መሆኑን የተረዳ ሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዕንባቆም ግን ታሪኩ ከየት እንደ መነጨ ለማወቅ የሚያስችል መንገድ አልነበረውም። በአውሮፓ የነበሩ ሊቃውንት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ መጻሕፍትን እያስተያዩ ሲመረምሩ እንደ ደረሱበት፣ በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ያደገው፣ ድውይና ሽማግሌ አይቶ ልቡ የተለወጠው፣ መንግሥቱን ጥሎ የመነነው ልዑል፣ የቡድሃ ሃይማኖት መሥራች የጎተማ ታሪክ ነው። ታሪኩ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል አልፎ በዐረብኛ ተጻፈ፤ ሙስሊሞች አነበቡት። የጆርጂያ መነኮሳት ከዐረብኛ ወስደው የክርስቲያን መጽሐፍ አደረጉት። ከጆርጂያ ቋንቋ ወደ ጽርዕ ገባ፤ ለብዙ ዘመን የዮሐንስ ዘደማስቆ ድርሰት ነው ሲባል ቢኖርም፣ ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች በደብረ አቶስ ለኖረው ለጆርጂያዊው መነኩሴ ለኤውቲምዮስ ይሰጡታል። ከጽርዕ ወደ ላቲንና ወደ ክርስቲያኖች ዐረብኛ ተላለፈ፤ ወደ ዕንባቆም እጅ የመጣውም በዚህ በመጨረሻው መንገድ ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አንድ የባርሴሎና አይሁዳዊ ሊቅ፣ አብርሃም ኢብን ሐስዳይ፣ በዕብራይስጥ ደግሞ ጽፎታል። የጽርዕ ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ፣ የሮማ ቤተ ክርስቲያን በኅዳር ለይዋስፍ ቀን ሰጥተው ሲያስቡት ኖረዋል።

አንድ ወዳጄ፣ ከእኔ ይልቅ መጽሐፉን አዘውትሮ ያነብ የነበረ፣ ጾሙንና ጸሎቱን የሚያጠብቅ ሰው፣ ይህን ነገር በሰማ ጊዜ እጅግ አዘነ። «እንግዲያስ ስንታለል ነው የኖርነው» አለኝ፤ መጽሐፉንም ዘግቶ ብዙ ጊዜ ሳያነሣው ቆየ። ኀዘኑ የቂል ኀዘን ስላልሆነ ልንቀው አልደፈርሁም። እንዲያውም ለጥያቄው ተገቢውን ክብር የሚሰጠው እንደ እርሱ ያለው ሰው ነው፤ «ሆነም አልሆነ ምን ይጎዳል፣ ትምህርቱ ያው ነው» ብለው በቀላሉ የሚያልፉት ሰዎች ክርስትና በምን ላይ እንደ ቆመ ዘንግተዋል። ሃይማኖታችን በተደረገ ነገር ላይ የቆመ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ የጰንጤናዊው ጲላጦስ ስም የሚጠራው ለጌጥ አይደለም፤ የክርስቶስ መከራ በታወቀ ዘመን፣ በታወቀ ገዥ፣ በታወቀ ስፍራ መፈጸሙን ለመመስከር ነው። ትንሣኤው እንደ መልካም ምሳሌ ብቻ የሚቈጠር ቢሆን ኖሮ ሐዋርያት ሰማዕትነትን ለምሳሌ ሲሉ ባልተቀበሉም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ነገር ምስክርነትንና ምሳሌን ለይቶ ማወቅ ነው፤ ሁለቱም በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የየራሳቸው ማዕርግ አላቸውና። በወንበዴዎች እጅ የወደቀው መንገደኛና የራራለት ሳምራዊ በእውነት ኖረው እንደ ሆነ ማንም አይጠይቅም። በእርግጥ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ላይ የሳምራዊው የእንግዳ ማረፊያ ተብሎ የሚታይ ቦታ አለ፤ የሰው ልብ ለወደደው ታሪክ ሁሉ ምድርና ደጅ ካላበጀ አያርፍም። ግን ያ ቤት ነገ ፈርሶ ቢቀር ምሳሌው የሚያጣው ነገር የለም።

ወዳጄ ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ጌታ ምሳሌውን የተናገረው ምሳሌ መሆኑን ለሚያውቁ ሰዎች ነው፣ እኔ ግን ይዋስፍን የኖረ ሰው ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር ይላል። እንግዲህ ይህን ለመመለስ ከነቢዩ ናታን ከዳዊትም ታሪክ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ናታን ወደ ንጉሡ ገብቶ፣ ብዙ በጎች ያሉት ባለጸጋ የድሃውን አንዲት በግ ነጥቆ እንዳረደ ነገረው። ዳዊት ነገሩን የሰማው እንደ ተፈጸመ በደል አድርጎ ነው፤ ስለዚህ ተቈጣ፣ ፈረደም። ከዚያ በኋላ ነው ባለጸጋው ራሱ ዳዊት መሆኑ የተነገረው። ልብ ሊባል የሚገባው ዳዊት በዚያች ሰዓት ያላለው ነገር ነው፤ በግም ድሃም ሳይኖር ለምን አታለልኸኝ ብሎ ናታንን አልከሰሰውም። ስለ በጊቱ ይነሣ የነበረው ጥያቄ ሁሉ በዚያው ቀርቶ እርሱ ያስገደለው የኦርዮ ደም ብቻ በፊቱ ቆመ። ንጉሥን ስለ ገዛ ኃጢአቱ በቀጥታ የሚከስሰው ሰው ቃሉ ከጆሮው አያልፍም ነበር፤ ያልነበረችው በግ ግን ዘበኛ የሌለበትን በር አገኘች። ይዋስፍ እንዳልኖረ የተረዳ አንባቢም የቆመው ዳዊት በቆመበት ስፍራ ይመስለኛል፤ ሊጠይቀው የሚገባው ስለ ልዑሉ መኖር ሳይሆን፣ ታሪኩን ሲሰማ በራሱ ላይ ስለ ፈረደው ፍርድ ነው።

ይህን አሳብ መጽሐፉ ራሱ በአንድ ክፍል ውስጥ ይዞት ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ ለመጻሕፍት ወዳጆች ማስረዳት አያሻኝም። ንጉሡ ልጁን ከክርስትና ለመመለስ አንድ ተንኰል ያስባል፤ መልኩ በርለዓምን የሚመስል ናኮር የሚባል ሰው ያስመጣና፣ በርለዓም ነኝ ብሎ በጉባኤ ፊት ስለ ክርስትና እንዲከራከር፣ ሆን ብሎም እንዲረታ ያዝዘዋል። ልዑሉ ግን ነገሩን አስቀድሞ ዐውቋል፤ ናኮርን «ብትሸነፍ አልምርህም» ብሎ ያስፈራራዋል። በሁለት ሞት መካከል የተያዘው አስመሳይ አፉን ሲከፍት፣ ሊረግም መጥቶ እንደ ባረከው እንደ በለዓም፣ ያላሰበውን እውነት ይናገራል፤ የጣዖታትን ከንቱነት አጋልጦ፣ የክርስቲያኖችን ሕይወት አመስግኖ ጉባኤውን ይረታል፣ በኋላም እርሱ ራሱ ይጠመቃል። ይህ የናኮር ንግግር እስከ 1889 ድረስ የልብ ወለድ አንድ ክፍል ሆኖ ሲነበብ ኖረ። በዚያ ዓመት ሬንደል ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በደብረ ሲና በቅድስት ካተሪን ገዳም አንድ የሱርስት ብራና አገኘ፤ በውስጡም በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የአቴና ፈላስፋ አሪስጢደስ ስለ ክርስቲያኖች ለሮም ቄሣር የጻፈው፣ ጠፍቶ ቀረ ሲባል የኖረው ጥብቅና ነበረበት። አርሚቴጅ ሮቢንሰን የሚባል ባልደረባው ይህን ሲያነብ ቃሉ ለጆሮው እንግዳ አልሆነበትም፤ በጽርዑ «በርለዓም ወይዋስፍ» ውስጥ ናኮር የሚናገረው ያንኑ የአሪስጢደስን ቃል ነበርና። ከጥንታውያን የሃይማኖት ጥብቅናዎች አንዱ፣ አብያተ መጻሕፍት ሁሉ ሲያጡት፣ ባልኖረ ልዑል ታሪክ ውስጥ፣ በአስመሳይ ሰው አፍ ተቀምጦ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠበቀ።

እንግዲህ ልብ ወለድን ከዚህ በላይ መከላከል ባልፈለግሁ ነበር፤ ግን በርለዓም ለልዑሉ ከሚነግረው ምሳሌ አንዱ እኔን የመጻሕፍት ወዳጁን በቀጥታ ስለሚከስስ አልፌው ለመሄድ አልችልም። አንድ ሰው ከአስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ወደ ጥልቅ ጕድጓድ ይወድቃል፤ ሲወድቅም የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ በመካከል ይንጠለጠላል። ወደ ሥር ሲያይ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቍር የሆኑ ሁለት አይጦች ዛፉን ያለ ዕረፍት ይቈረጥማሉ፤ ወደ ታች ሲያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ እግሩን ካሳረፈበት ግድግዳ አራት እባቦች ራሳቸውን አውጥተዋል። በዚህ ጊዜ ቀና ሲል ከቅርንጫፉ ማር ሲንጠባጠብ ያያል፤ አውሬውን፣ አይጦቹን፣ ዘንዶውን ሁሉ ረስቶ ምላሱን ወደ ማሩ ይዘረጋል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ ዛፉ ዕድሜያችን፣ እባቦቹ ሥጋችን የቆመባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ማሩም የዚህ ዓለም ጣዕም መሆኑን በርለዓም ራሱ ይተረጕመዋል። ሊዮ ቶልስቶይ የሕይወት ትርጕም ጠፍቶበት በተጨነቀበት ዘመን በጻፈው ኑዛዜው ውስጥ ይህንኑ ምሳሌ አንሥቶ፣ ለእርሱ ሁለት የማር ጠብታዎች እንደ ነበሩት ይናገራል፤ አንደኛው የቤተ ሰቡ ፍቅር፣ ሁለተኛው የድርሰት ሥራው ናቸው፤ ሁለቱም ከዚያ ወዲህ አልጣፈጡትም።

ታላላቅ ልብ ወለዶችን የጻፈ ሰው ድርሰትን ከማሩ ጋር ከቈጠረ፣ እኔ አንባቢው በምን ቃል አመልጣለሁ? ሌሊቱን በንባብ ሳነጋ፣ የጎረቤቴን ሕመም ሳልጠይቅ የልብ ወለድ ሰው ሕመም ሲያስለቅሰኝ፣ መጻሕፍቱ ለእኔ ከማር ሌላ እንዳልሆኑ እመሰክራለሁ። ነገር ግን ቶልስቶይ አይጦቹን ያያቸው በምን ዓይን ነበር? ያንን አስፈሪ እውነት የሚናገርበት ቃል ያገኘው ከዚሁ ከምሥራቅ ከመጣው ምሳሌ ነው። ከንባቤ ብዙው ማር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂቱ ግን ወደ ሥሩ እንድመለከት አንገቴን ይዞ ያዞረኝ ነው። ሁለቱንም የማገኘው ከአንድ መደርደሪያ ስለ ሆነ፣ አንዱን ፈርቶ ሌላውን መተው አይሆንልኝም።

ወዳጄ በመጨረሻ ያነሣው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ በይዋስፍ ስም ስለ ጸለዩት ሰዎች ምን ትላለህ አለኝ። ጸሎትን የሚሰማው እግዚአብሔር ነውና፣ የለማኙ ልብ በቀና መጠን የስሙ ስሕተት ጸሎቱን ያስቀረዋል ብዬ አላምንም አልሁት። ከዚህ አልፌ ግን ይዋስፍና ጎተማ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ያስተማሩት ያው ነው ብዬ እንዳስታርቅለት ቢፈልግ አልስማማም። ይዋስፍ ዙፋኑን የተወው ፈጣሪውን ፍለጋ ነው፤ የጎተማ ትምህርት ስለ ፈጣሪ እምነት የሚያስተምር አይደለም፤ ልዩነቱን መሸፈን ለሁለቱም ግፍ ይሆናል። አንድ ቀን መጽሐፉ በጥሩ አማርኛ ለብዙ አንባቢ የሚታተም ቢሆን፣ አሳታሚው ይህን ሁሉ፣ ህንድንም፣ ፋርስንም፣ የጆርጂያውን መነኩሴም፣ የየመኑን ተወላጅ ዕንባቆምንም፣ በመቅድሙ ሳይሸሽግ እንዲጽፈው እለምነዋለሁ፤ ናታንም የበጊቱ ነገር ምሳሌ መሆኑን በመጨረሻ ለንጉሡ አልሸሸገምና።