ገላ በሚሸጥበት ደጅ ፊት አይቶ ማድላት

በአሜሪካ ከተሞች ገላቸውን በመሸጥ የሚተዳደሩት፥ በዛሬው አጠራር ኤስኮርት የሚባሉት ሴቶች፥ ደንበኛ ለመጥራት በሚያወጡት ማስታወቂያ ላይ ከዋጋውና ከሰዓቱ ቀጥሎ፥ ጥቁር ወንዶችን እንደማያስተናግዱ የሚያስታውቅ አንድ አጭር መስመር ማንበብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንዳንዷም ክልከላውን በዕድሜ ወስና፥ ከ35 ወይም ከ40 ዓመት በታች የሆነ ጥቁር እንዳይደውልላት ታስጠነቅቃለች። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ዘግቶ የወረሰው ባክፔጅ የተባለው የማስታወቂያ ገበያ በነበረበት ዘመን ይህን የመሰለ ቃል ይጻፍ ነበር፤ ገበያው ከተዘጋ በኋላም ቃሉ ስፍራ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ይህን መስመር ያየ ክርስቲያን ከኃጢአት ቤት ጽድቅን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው ብሎ ቢያልፍ ብዙዎች አይፈርዱበትም፤ እኔ ግን ነገሩ መመርመር ይገባዋል እላለሁ፤ የሰው ፈቃድና የሰው ፍርድ የት ላይ እንደሚለያዩ ይህን ደጅ ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ስፍራ ጥቂት ነውና።

ዝሙት ኃጢአት ስለ መሆኑ ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችውን ለመሸርሸር አልተነሣሁም። ነገር ግን የአንድ ሥራ ኃጢአትነት በዚያው ሥራ ውስጥ የሚፈጸመውን ሌላውን በደል ሁሉ አይሸፍነውም፤ የሚደረገውንም ቸርነት አያጠፋውም። የኢያሪኮዋ ረዓብ ገና ከሥራዋ ሳትወጣ፥ በከተማይቱ ቅጥር ላይ ወደ ተሠራው ቤቷ ሁለት እንግዶች በመጡ ጊዜ፥ የባዕድ ነገድ ልጆች፥ ይልቁንም አገሯን ሊወጉ የተዘጋጁ ሰዎች ሰላዮች መሆናቸውን እያወቀች በጣራዋ ላይ በተልባ እንጨት ውስጥ ሸሸገቻቸው፤ ማቴዎስም በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ስሟን አገባው፥ ጳውሎስና ያዕቆብም በመልእክቶቻቸው አመሰገኗት። እንግዲህ በእንዲህ ያለው ደጅ የሚደረገው መቀበልና መመለስ ከእግዚአብሔር ሚዛን ውጭ ነው ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መጽናት ያለበት ሴቲቱ በገላዋ ላይ ያላት ሥልጣን ነው። ገንዘብ ቢቆጠርላት፥ በዋጋ ቢስማሙ፥ በሩም ቢዘጋ፥ እስከ መጨረሻይቱ ቅጽበት ድረስ አይሆንም ለማለት ማንንም ማስፈቀድ አይገባትም፤ ምክንያቷንም የማስረዳት ግዴታ የለባትም። አሜሪካ በ1866 ባወጣችው ሕግ ውል የመዋዋል መብት በዘር እንዳይለይ ደንግጋለች፤ በ1964 በታወጀው የሲቪል መብቶች ሕግም ሆቴሉ፥ ምግብ ቤቱና ቲያትር ቤቱ ለጥቁሩ እንደ ነጩ እንዲከፈት አዝዛለች፤ ይሁን እንጂ የምግብ ቤት ባለቤትን ለመጣው ሰው ሁሉ ማዕድ እንዲያቀርብ ማዘዝና ሴትን ገላዋን እንድትሰጥ ማዘዝ ከቶ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛውን ያዘዘ መንግሥት በእኩልነት ስም ደፋሪ ይሆናልና። በዚህ ጉዳይ የዳኛ ዱላ እንዳይገባ አጥብቄ እሻለሁ።

ነገር ግን ማንም ሊያስገድደው የማይገባ ፈቃድ ሁሉ የቀና ፈቃድ ነው ማለት አይደለም። ከፊቷ የቆመውን ሰው አይታ፥ ድምፁን ሰምታ፥ ስካሩን ወይም የዓይኑን ቁጣ ፈርታ የመለሰችው ሴት ፈቃዷን ሠራችበት፤ አንዱንም ያላየችውን ሕዝብ በአንድ መስመር የዘጋችው ግን በፈቃዷ ላይ ፍርድ ጨመረች። ፈቃድ ለማንም መልስ ላይሰጥ ይችላል፤ ፍርድ ግን የልቡና ሥራ ነውና ስለ እውነትነቱ ይጠየቃል። ሰው የሚወደውን በትእዛዝ ሊወድ አይችልም የሚለውም መከራከሪያ፥ ለጋብቻና ለፍቅር የቱንም ያህል ቢረዳ፥ እዚህ ላይ ጉልበት የለውም፤ በዚህ ንግድ ሴቲቱ የምታስተናግደው የወደደችውን አይደለምና፤ የምትጸየፈውን፥ ባለጌውን፥ ሚስቱን ሲያማ የሚያመሸውን ሁሉ በዋጋው ትቀበላለች።

ሴቶቹ ራሳቸው የሚሰጡት ምክንያት ከመውደድና ከመጥላት ይልቅ ፍርሃት ነው። ደንበኛ መስሎ ገብቶ ከሥሩ ሊያስገባት የሚሻ አቃጣሪ ይመጣብኛል፥ ገንዘቤን ይዘርፈኛል፥ በዋጋ ይጨቀጭቀኛል ይላሉ፤ ይህንም ሁሉ ለወጣት ጥቁር ወንድ ይሰጡታል። ፍርሃቱን አላቃልልም፤ ብቻዋን በተከራየችው ክፍል ከማታውቀው ወንድ ጋር በሩን የምትዘጋ፥ ፖሊስ ብትጠራ ምናልባት ራሷ የምትታሰር ሴት ብትፈራ ምን ያስደንቃል? ስለዚህም ብልሆቹ ጥንቃቄን ሥርዓት አድርገውታል፤ ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት እውነተኛ ስሙን፥ የሥራ ቦታውን፥ ከዚህ ቀደም ያስተናገዱትን ሴቶች ምስክርነት ይጠይቃሉ፤ ገንዘብ የከለከለውንና እጁን ያነሣውን ሰው ስምም እርስ በርሳቸው ይቀባበላሉ። ይህ ምርመራ ሰውን በስሙና በሥራው ይመዝናልና መልካም ነው። ነገር ግን ስሙን የሰጠ፥ መሥሪያ ቤቱን ያሳወቀ፥ ምስክር ያቀረበ ጥቁር ሐኪም በቆዳው ብቻ ሲመለስና አንዳች ማስረጃ ያላመጣ ነጭ ሲገባ፥ ጥንቃቄው ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቶ ዓይንን መጨፈን ይሆናል። በሲያትል አካባቢ ለብዙ ዓመታት ሴቶችን፥ የሚበዙትንም በጎዳና ገላቸውን የሚሸጡትን ሲገድል የኖረው፥ በ2003 በ48 ሰዎች ግድያ ጥፋተኛነቱን ያመነው ጌሪ ሪጅዌይ፥ የጭነት መኪና ቀለም ቀቢ የሆነ ነጭ ሰው ነበር፤ ሴቶቹ እንዳይጠራጠሩትም የትንሹን ልጁን ፎቶግራፍ ያሳያቸው ነበር። ያችን ፎቶግራፍ አይታ ልቧን ያሳረፈችውን ምስኪን ሳስብ፥ የቆዳ ሚዛን ማንን እንዳሳለፈና ማንን እንደ መለሰ አሰላስላለሁ።

ደግሞም ክልከላውን በዕድሜ የምትወስነው ሴት፥ ሳታስበው በገዛ ቃሏ ትመሰክራለች፤ የ50 ዓመቱ ጥቁር የሚገባ ከሆነ የሚያስፈራው ጥቁረቱ አለመሆኑን ታውቃለችና።

አባቶቻችን ስለ ባሕርይና ስለ ፈቃድ ያስተማሩት ትምህርት እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። እግዚአብሔር የፈጠረው ባሕርይ ሁሉ መልካም ነው፤ ክፋት ከፈቃድ ይወለዳል እንጂ ከባሕርይ አይፈልቅም፤ ዲያብሎስ እንኳ በባሕርዩ ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፥ በፈቃዱ ወደቀ እንጂ። ማኒ የተባለው መናፍቅ የተወገዘው፥ ክፋትን ከጥንት የነበረ ባሕርይ አድርጎ ከብርሃን ጋር በማስተካከሉ ነው። እንግዲህ አንድን ሕዝብ በቆዳው መልክ፥ ማለትም ራሱ ባልመረጠውና ሊተወው በማይችለው ነገር፥ አደገኛ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው፥ ባያውቀውም የፈቃድን ጥፋት ወደ ባሕርይ ያወጣል፤ በዚያም ሳይቆም ጥፋቱን ባሕርዩን በፈጠረው ላይ ይጥላል። ነገሩን ከጨዋነት ጉድለት አሳልፌ የሃይማኖት ስሕተት የምለው ስለዚህ ነው።

ይህ ፍርድ ግን ከሴቶቹ ልብ ብቻ የፈለቀ አይደለም፤ የገበያ ታሪክ አለው። በኒው ኦርሊንስ ከተማ፥ ሲድኒ ስቶሪ በተባለ የምክር ቤት አባል አሳብ አመንጪነት በ1897 በወጣው ደንብ የዝሙት ንግድ በአንድ ሰፈር ተወስኖ ነበር፤ ሰፈሩም በስሙ ስቶሪቪል ተባለ። ለእንግዶች መምሪያ የሚሆን ሰማያዊ መጽሐፍ የሚባል ትንሽ መጽሐፍ ይታተም ነበር፤ በውስጡም የሴቶቹ ስም በፊደል ምልክት ነጭ፥ ጥቁር፥ ወይም ከስምንት ቅድመ አያቶቿ አንዱ ጥቁር የሆነ እየተባለ ተለይቶ ይነበባል። በቤዚን ጎዳና ላይ የቆመው ማሆጋኒ ሆል የተባለው ባለአራት ፎቅ ቤት የሉሉ ኋይት ነበር፤ እርሷ ራሷ ክልስ ነበረች፥ በቤቷ ያኖረቻቸውም ክልሶችን ነበር፤ ደንበኞቿ ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። ጥቁር ሴት የምትሸጥበት ደጅ ለጥቁር ወንድ ዝግ ነበር፤ በደንበኛነት ሊገባ የሚችልበት ሌላ ሰፈር ከዚያ ራቅ ብሎ ተለይቶለታል። በእነዚያ የነጮች ቤቶች ክልሱ ሙዚቀኛ ጄሊ ሮል ሞርተን ፒያኖ ለመምታት ይገባ ነበር፤ ከእነርሱ በአንዱ፥ በእንግዶቹ ፊት የሚደረገውን ትርኢት እንዳያይ በእርሱና በአዳራሹ መካከል መከለያ እንዳቆሙበት፥ እርሱም መከለያውን በስለት ቀዶ ያይ እንደ ነበር በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ተናግሯል። ጣቶቹ ይፈለጉ ነበር፤ ዓይኖቹ ግን አልተፈቀዱም።

ያን ሥርዓት አጽንቶ ያኖረው ምን እንደ ነበር ልብ እንበል። ሉሉ ኋይት ጥቁርን ትጠላ ነበር ለማለት አይቻልም፤ እርሷም ጥቁር የዘር ሐረግ ነበራትና። ደጇን የዘጋችው ነጩ ከፋይ ጥቁር ወንድ የገባበትን ቤት ስለሚሸሽ ነው፤ ሴቲቱን በሚገዛበት ሰዓት፥ ገንዘቡ ሌላውን ሰው ከእርሱ ጋር እንዳይተካከል የሚያደርግ ክብርም አብሮ እንዲገዛለት ይፈልግ ነበር። በ1917 ከተማይቱ ክልሶቹንና ጥቁሮቹን ሴቶች ከሰፈሩ ልታስወጣ በተነሣች ጊዜ ዊሊ ፒያዛ የተባለች የቤት ባለቤት ተከራክራ በሉዊዚያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ረታች፤ ወዲያውም በዚያው ዓመት በባሕር ኃይሉ ግፊት ሰፈሩ በሙሉ ተዘጋ። ልማዱ ግን ከሰፈሩ ጋር አልተዘጋም። ዛሬም ከሴቶቹ መካከል፥ ጥቁር እንደምትቀበል የታወቀች እንደ ሆነ ነጭ ደንበኛ እንደሚሸሻት ወይም ዋጋዋን እንደሚቀንስባት የሚናገሩ አሉ፤ እንደዚህ ከሆነ መስመሩን የጻፈችው የሴቲቱ እጅ ብትሆንም ያጻፋት የከፋዩ ገንዘብ ነው፥ የሚከብደውም ዕዳ በእርሱ ላይ ነው።

ሕግም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ሆኖ አልኖረም። ጥቁሩ የዓለም የቡጢ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን፥ ነጩን ቡጢኛ ጄፍሪስን በ1910 በሬኖ ከተማ በመታ ጊዜ በብዙ ከተሞች የጥቁሮች ደም ፈሰሰ፤ ሊጥለው የሚችል ነጭ ቡጢኛ ለጊዜው ስላልተገኘ በሕግ ተፈለገ። ምስክር ሆና የቀረበችበት ቤል ሽራይበር የተባለች ነጭ ሴት፥ ኤቨርሊ ክለብ በሚባለው በታወቀው የቺካጎ ቤት ሠርታ የነበረች ናት፤ ከጆንሰን ጋር በመገናኘቷም ከዚያ እንደ ተባረረች ይነገራል። ሴቶችን ከነጋዴዎች እጅ ለማዳን ተብሎ በ1910 የወጣው የማን ሕግ፥ ለሴቲቱ የመንገድ ገንዘብ በላከላት በዚህ ሰው ላይ ተመዘዘ፤ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ሸንጎም በ1913 ፈረደበት። ምሕረት የተደረገለት በ2018 ነው፤ ከሞተ 72 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያው በ2018 በወጣው ሌላ ሕግ ምክንያት፥ ሴቶቹ ስለ ክፉ ደንበኞች የሚጠነቃቀቁባቸው መገናኛዎች ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ሰውን በስሙ የመመርመሪያው መንገድ ሲጠፋ በቆዳው መጠርጠር እንደሚበረታ ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡበት አይመስለኝም።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፥ ነገሩ ለእናንተም ሩቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን መስመር የጻፈች እጅ ሐበሻውን ከሌላው ጥቁር ለይታ አላወቀችውም፤ ከእኛም መካከል በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ የሚባለውን ሁሉ እየሰማ፥ እኔ ሐበሻ ነኝ፥ እኔን አይመለከተኝም እያለ ራሱን የሚያወጣ ሰው መኖሩን አውቃለሁ። ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት በነቀፉት ጊዜ፥ እግዚአብሔር ነገሩን የቤተ ሰብ ሐሜት ብሎ አላለፈውም፤ የማርያም ቆዳ በለምጽ እንደ በረዶ ነጣ፥ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋች። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ወደዚያ ደጅ እንድትሄድ አልመክርህም፤ ነገር ግን ደጁ በጥቁሩ ሰው ላይ ሲዘጋ ያየህ እንደ ሆነ፥ የተዘጋው በአንተም ላይ መሆኑን እወቅ፤ ያንኑ ቃል በቤት ኪራይ፥ በታክሲህ በርና በልጆችህ ጋብቻ ላይ አንተ ራስህ እንዳትደግመው አደራ እልሃለሁ።