የሚተወውን ኳስ እይ

የእህቴ ልጅ፣ ትናንት ማታ ስትደውልልኝ ድምፅህ ከደስታ ብዛት ይቆራረጥ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ የ19 ዓመት ልጅ አገኘሁ። ሁለት ሆምራን መታ! ሜጀር ሊግ መግባቱ አይቀርም ብዬ ልጽፍለት ነው» አልከኝ። ደስታህ ደስታዬ ነው። ወጣት ተጫዋቾችን አይቶ የሚመዝን ስካውት መሆን ትልቅ አደራ ነው፤ ስትመኘው የኖርከውን ሥራ አግኝተሃል። ነገር ግን ብዕርህን ከማንሳትህ በፊት ትንሽ ስማኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን።

እኔ ቤዝቦልን የተማርኩት እዚሁ ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ፣ ከታክሲ ሥራ ስወጣ ከሜዳው ዳር ተቀምጬ ነው። የሰፈራችን የማይነር ሊግ ቡድን፣ ፖቶማክ ናሽናልስ፣ ከ2019 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ፍሬድሪክስበርግ ተዛወረ። እኔም እስከዚያ ድረስ እየነዳሁ መመልከቴን አልተውኩም። በእነዚህ ዓመታት የተማርኩትን አንድ ነገር ልስጥህ። ልጁ ከሚመታው ኳስ ይልቅ የሚተወውን ኳስ እይ።

በ2018 ሁዋን ሶቶ የሚባል የ19 ዓመት የዶሚኒካን ልጅ በዚሁ በእኛ ሰፈር ለፖቶማክ ናሽናልስ ተጫውቷል። ያቆዩት ለ15 ጨዋታ ብቻ ነበር። ከፍ ወዳለው ቡድን፣ ወደ ሃሪስበርግ አሳደጉት፤ ሜይ 20 ቀን ደግሞ ለዋሽንግተን በሜጀር ሊግ ተሰለፈ። በዚያ ዓመት 22 ሆምራን መታ፤ ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚያ ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር በ116 ጨዋታ 79 ጊዜ መጥፎ ኳስ እየተወ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ መሄዱ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ከወርዋሪው እጅ መቺው ዘንድ የሚደርሰው በ0.4 ሰከንድ አካባቢ ነው። በዚያች ቅጽበት «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ዱላውን የሚይዝ ልጅ ጉልበት ብቻ ካለው ልጅ ይበልጣል። ጉልበት በምግብና በዕድሜ ይጨመራል። ዓይን ግን በኋላ ልጨምረው ቢሉት እሺ አይልም።

ስለዚህ ያ ልጅህ ሁለት ሆምራን በመታበት ማታ በሌሎቹ ተራዎቹ ምን ሆነ? ወደ መሬት የሚታጠፈውን ኳስ እያሳደደ ስንት ጊዜ ዱላውን በባዶ አወዛወዘ? ይህን ካልጻፍክ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ይደርስብሃል። ኳሱን ከአጥር የሚያሻግረው ሆምራን ሳሩ ነው፣ ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት የሚወጣበት ስትራይክ አውት ገደሉ። ሆምራን ብቻ እያለመ አመታቱን የሚቀይረውንም ልጅ ልብ በለው። ቀድሞ በቀላሉ የሚያገኛቸውን ኳሶች መሳት ከጀመረ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ ነው።

የማይክል ጆርዳንን ነገር አስታውስ። በ1994 የቅርጫት ኳሱን ትቶ ለማይነር ሊጉ ቡድን ለበርሚንግሃም ባረንስ በአውትፊልድ ተሰለፈ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እንደሱ ያለ ስፖርተኛ ከየት ይገኛል? እግሩ አልከዳውም፤ 30 ቤዝ ሰርቋል። ትጋቱም የተመሰከረ ነው። ሆኖም በ127 ጨዋታ የመምታት አማካዩ 0.202 ሆነ፤ 114 ጊዜም በስትራይክ አውት ወጣ። የ31 ዓመት ሰው ነበርና ሌሎቹ ከልጅነታቸው ጀምረው ያዩትን የሚታጠፍ ኳስ የሚያይበት ጊዜ አላገኘም። የሰውነት አቋም ብቻውን እንዳያታልልህ።

ቀጥሎ ዕድሜውንና ደረጃውን አስተያይ። የ19 ዓመት ልጅ በደብል ኤ መካከለኛ ሆኖ ቢታይ፣ ከዚያ ዝቅ ባለው ደረጃ በሲንግል ኤ ሁሉን ከሚመታ የ24 ዓመት ጎልማሳ ሊበልጥ ይችላል። ጎልማሳው ከታናናሾቹ ጋር ክፍል ገብቶ አንደኛ እንደሚወጣ ተማሪ ነው። ቦታውንም አትርሳ። አልበከርኪ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በሳሳ አየር ኳስ ሩቅ ይበራል። የደጋ ልጆች ስለሆንን የአየሩን ነገር ለእኛ ማስረዳት አያሻም። እዚያ የተመታ ሆምራን ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ላይ ተይዞ ይቀር እንደሆነ ጠይቅ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ሜዳ ውስጥም ስታየው ኳሱን አትከተል፤ እግሩን ተከተል። ዱላው ኳሱን ሲነካ የመጀመሪያ እርምጃው ወዴት ነው? ወደ ኋላ ለሚሄደው ኳስ ወደ ፊት ይሮጣል? ፈጣን ሆኖ መንገድ የሚስት ልጅ አለ፤ ዘገም ብሎ ቀድሞ የሚደርስም አለ። መሐል አውትፊልድ የሚችል ልጅ በዱላው መጠነኛ ቢሆንም ቦታ ያገኛል። ወደ ጎን የሚገፋ ከሆነ ግን ከዱላው ብዙ ይጠበቅበታል። ክንዱን ለማየት ደግሞ ቀደም ብለህ ሂድና ልምምዱን እይ፤ በጨዋታ ላይ አንድም ረጅም ውርወራ ሳታይ ልትመለስ ትችላለህና።

አለቆችህ አምስቱን ችሎታዎች፣ መምታትን፣ ጉልበትን፣ ሩጫን፣ መያዝን፣ መወርወርን፣ ከ20 እስከ 80 እየመዘንክ እንድትጽፍ ይሻሉ፤ 50 መካከለኛው ነው። የዛሬውን ለብቻ፣ ይደርስበታል የምትለውን ለብቻ ጻፍ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ይኖራል። ደግሞም በአንድ ማታ አትፍረድ። በማይነር ሊግ አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ስድስት ጨዋታ ያደርጋል። ስድስቱንም ተቀመጥ። ማክሰኞ ያታለለው ኳስ ዓርብ ሲመጣ ምን እንዳደረገ እይ። ልጁ እየተማረ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ሲወድቅም እየው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንተ ግን ምሳር ይዘው ከሚመጡት ጋር አትሰለፍ። አሮን ጀጅ በ2016 ሜጀር ሊግ ሲገባ በ27 ጨዋታ አማካዩ 0.179 ነበር፤ ከ84 ተራው በ42ቱ በስትራይክ አውት ወጣ። በቀጣዩ ዓመት 52 ሆምራን መታ። ዊሊ ሜይስም በ1951 ሲጀምር ከ26 ተራው የመታው አንዷን ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር ከመሐል ሜዳ አላነሳውም። ያ ልጅ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፤ ዛሬ ከታላላቆቹ ሁሉ ጋር ስሙ ይነሳል። እርግጥ የወደቀ ሁሉ አይነሳም። የሚነሳው ለምን እንደወደቀ የገባው ነው፤ አንተም የምትፈልገው ይህንኑ ምልክት ነው።

በመጨረሻ ልጄ፣ ሰውየውን እይ። ከዶሚኒካንና ከቬኔዝዌላ በ16 ዓመታቸው ፈርመው የሚመጡ ልጆች አሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ምግቡ አይጥማቸውም፤ እናታቸው ሩቅ ናት። በ2023 በተደረገው ስምምነት እንኳ የሲንግል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት 26,200 ዶላር ሆነ፤ ከዚያ በፊት ከዚህ ግማሽ በታች ነበር። እኔና እናትህ እዚህ አገር ስንገባ ዝም ማለታችንን እንደ አለማወቅ የቆጠሩብን ሰዎች ነበሩ። ያን የቀመሰ ቤተሰብ ልጅ ነህና የልጁን ዝምታ ስንፍና ብለህ እንዳትጽፍበት። አስተርጓሚ ፈልገህ አነጋግረው። ምን ይበላል፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ሲከፋው ለማን ይደውላል ብለህ ጠይቅ።

አሁን ተመለስና የቀሩትን ጨዋታዎች እይለት። ያኔም ሜጀር ሊግ ይገባል ብለህ ካመንክ በሙሉ ልብህ ጻፍ፤ ካላመንክም እውነቱን ጻፍ። አንተ የምትጽፋት አንዲት ቁጥር የአንድ ልጅ እንጀራ ናትና፣ ሚዛንህ እንዳይዛባ አደራ።