ቀረጥና ፍትሕ፦ የድንበሩ ደጅ የሚዘጋው በማን ላይ ነው?

ዮሐንስ መጥምቅ በዮርዳኖስ አጠገብ ሲያስተምር ሊጠመቁ ከመጡት ሰዎች መካከል ቀራጮች እንደ ነበሩ ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 3 ይነግረናል። እኛስ ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ግን አስጠነቀቃቸው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ሐዋርያው ማቴዎስን የጠራው ቀረጥ በሚቀበልበት ስፍራ ተቀምጦ ሳለ ነው። እንግዲህ በንግድ ላይ የሚጣል ቀረጥ ለክርስቲያን ኅሊና እንግዳ ነገር አይደለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኃያላን መንግሥታት በቀረጥ ምክንያት ሲከራከሩ በየዕለቱ እንሰማለን። ብዙዎቻችንም ነገሩ የባለሥልጣናትና የሊቃውንት እንጂ የእኛ አይደለም ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ከክርክሩ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ የእያንዳንዱ ምእመን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የራስን ወገን ለመጠበቅ ሲባል በሌላው ድኻ ላይ ሸክም መጫን የሚገባው እስከ ምን ድረስ ነው? የሚል ነው።

ቀረጥ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈል ግብር ነው። በቅድሚያ የሚከፍለው ዕቃውን የሚያስገባው ነጋዴ ሲሆን፣ እርሱም ከፊሉን ወይም ሁሉን በዋጋው ላይ ጨምሮ ከገዢው ይቀበላል፤ ወይም ለአምራቹ የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ በሌላ አገር ላይ የተጣለ የሚመስለው ቀረጥ ብዙ ጊዜ ጣዩ አገር ውስጥ ባለው ሸማችና ሩቅ አገር ባለው ሠራተኛ ትከሻ ላይ ያርፋል። የአገራችን የጥንት ነጋዴዎችም ይህን ያውቁ ነበር፤ በየኬላው የተከፈለው ሁሉ በመጨረሻ ከጨው አሞሌው ዋጋ ጋር ይደመር ነበርና።

ታሪክም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ከ1,000 የሚበልጡ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ያቀረቡትን ተቃውሞ አልፈው ቀረጥን ከፍ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ካናዳና የአውሮፓ አገሮችም አጸፋውን መለሱ። ለዚያ ዘመን ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት መነሻው ይህ ሕግ ብቻ አልነበረም፤ ሆኖም ድቀቱን አባባሰው። የዓለም ንግድም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዋጋ ሲለካ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ 23 አገሮች በጄኔቫ ተሰብስበው ቀረጥን በድርድር ለመቀነስ የተስማሙት ከዚህ መከራ ተምረው ነው። የዓለም ንግድ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1995 በዚሁ መሠረት ላይ ተቋቋመ።

ከዘመናችን አንድ ምሳሌ እንመልከት። ሌሶቶ በደቡብ አፍሪካ የተከበበች፣ ከ2 ሚሊዮን በጥቂቱ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ተራራማ አገር ናት። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ሥር የሰደደች ናት፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1988 አገሪቱን ጎብኝተው ሚስዮናዊውን ዮሴፍ ዤራርድን ብፁዕ ብለው የሰየሙት በዚያ ነው። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የአፍሪካ የዕድገትና ዕድል ሕግ መሠረት ልብስ እየሰፋች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ትልክ ነበር። በስፌት ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት በብዙ አገሮች ላይ ቀረጥ ሲያውጅ ለሌሶቶ የደረሳት 50 ከመቶ ነበር። ስሌቱም አሜሪካ ከአንድ አገር ከምትገዛው ላይ ለዚያ አገር የምትሸጠውን ቀንሶ፣ ልዩነቱን ለገዛችው አካፍሎ፣ ውጤቱን በግማሽ የሚከፍል ነበር። እንዲህ ባለው ስሌት ብዙ የሸጠ ብቻ ሳይሆን፣ ለመግዛት አቅም ያጣም እንደ በደለኛ ተቆጠረ። መጠኑ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወደ 15 ከመቶ ዝቅ ቢልም፣ በመካከሉ ትእዛዞች ተሰርዘው ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዚሁ ዕድል ስትወጣ፣ ቅጣቱ የታሰበው ለመንግሥት ነበር። የደረሰው ግን ከገጠር መጥተው በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት ይተዳደሩ ለነበሩ ወጣት ሴቶች ጭምር ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሣሩ ነው እንደሚባለው ማለት ነው።

ይሁንና ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሆን ዘንድ የሌላውንም ወገን ቃል እንስማ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች በኋላ፣ በአሜሪካ የቤት ዕቃና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረባቸው ብዙ ከተሞች ሥራቸውን አጥተዋል። ርካሽ ዕቃ ያገኙት ብዙዎች ናቸው፤ ኪሳራው ግን በጥቂቶች ላይ ወደቀ፤ ያጽናናቸውም ጥቂት ነው። የቤተሰብ አባት አስቀድሞ ልጆቹን የመመገብ ግዴታ እንዳለበት፣ መንግሥትም ለዜጎቹ እንጀራ የማሰብ ግዴታ አለበት። ገና በእግሩ ያልቆመ የአገር ውስጥ ሥራም ለጊዜው ጥላ ቢደረግለት ነውር አይደለም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ነጻ ንግድን እንደ ፍጹም በጎ፣ ቀረጥንም እንደ ፍጹም ክፉ አድርጋ አታስተምርም። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሕዝቦች እድገት በጻፉት ዐዋዲ መልእክት፣ አቅማቸው እጅግ በማይመጣጠን አገሮች መካከል የንግድ ነጻነት ብቻውን ፍትሕን እንደማያመጣ ገልጸዋል። ለዚህም መሠረት ያደረጉት የር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ የ1891 ትምህርት ነው፤ በችግር የተያዘ ሠራተኛ በደመወዙ ስለ ተስማማ ብቻ ውሉ ፍትሐዊ እንደማይሆን ሁሉ፣ በሕዝቦች መካከልም እንደዚሁ ነው። ከዚህ ትምህርት ተነሥተን ማንኛውንም ቀረጥ በሦስት ጥያቄዎች ልንመዝነው እንችላለን። ሸክሙን በእውነት የሚሸከመው ማን ነው? ሸክሙ ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር ይመጣጠናልን? ሸክሙ የሚወድቅበትስ ሰው ቃሉን የሚያሰማበት ቦታ አለውን? ሌሶቶ በሦስቱም ጥያቄዎች ተበድላለች ብለን እናምናለን። ለወገን ማሰብ ከፍቅር ሥርዓት ነው፤ ለወገን ሲባል የማያውቁትን ድኻ በቁጥር ስሌት ማጥፋት ግን ከፍቅር የወጣ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተነገረለት ባለጠጋ የተወቀሰው ቤቱ ደጅ ስለ ነበረው አይደለም፤ በደጁ የወደቀውን አልዓዛርን ባለማየቱ ነው።

ይህን ስንል ግን ጣታችንን ወደ ሩቅ አገር ብቻ እንዳንቀስር እንጠንቀቅ። በእኛም አገር ቀረጥ አለ። የዕቃውን ዋጋ በሐሰት ደረሰኝ አሳንሶ የሚያስመዘግብ፣ ለመንግሥት የሚገባውን በእጅ መንሻ የሚያስቀር፣ ቀረጥ 1 ብር ሲጨምር እርሱ 3 ብር የሚጨምር ነጋዴ ካለ፣ ሸክሙን የሚጥለው በዚያው በድኻው ላይ ነው። ኮንትሮባንድ መሆኑን እያወቅን ርካሽ ነው ብለን የምንገዛውም በሕጋዊው ነጋዴና በሠራተኛው ላይ እንበድላለን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በሕዝቦች መካከል ስላለው ፍትሕ የሚያስተምረው አትስረቅ በሚለው በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር ነው። ሰባተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ከኪስ ሌባ አልፋችሁ እስከ ኬላው፣ እስከ ገበያውና እስከ መንግሥታት ጠረጴዛ ድረስ አድርሱት። መንግሥታትን ለማዘዝ ሥልጣን የለንም፤ ነገር ግን በምንሸጥበትና በምንገዛበት ሁሉ ከታዘዘው አብልጦ ያለመውሰድ በእጃችን ነው፤ ዮሐንስ ቀራጮችን ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነበር።