ድምፅ መካሪ ይሁን እንጂ ገዥ አይሁን

ሰው ጠባዩን ያርም ዘንድ አስቀድሞ ጥፋቱን ማወቅ ይገባዋል። ተግሣጽ ግን ብዙ ጊዜ ከሥራው በኋላ ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ትምህርትነቱ ቀርቶ ወቀሳ ብቻ ይሆናል። ስለዚህም ሊቃውንት ነገሩ በተፈጸመበት ቅጽበት የሚሰማ ድምፅን ለጠባይ ማረሚያ አድርገውታል። እንግዲህ በድምፅ የታረመ ጠባይ የሰውዬው ገንዘብ ነውን? ወይስ የድምፁ?

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሆባርት ማውረር ከባለቤቱ ከዊሊ ሜ ጋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. በእንቅልፍ ልባቸው መኝታቸውን ለሚያረጥቡ ሕፃናት የሚሆን መሣሪያ በጽሑፍ ገለጠ። ምንጣፉ መርጠብ ሲጀምር ደወል ይጮኻል፤ ሕፃኑም ይነቃል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ብዙዎቹ ሕፃናት ከደወሉ ቀድመው መንቃትን፣ ወይም መኝታቸው ሳይረጥብ ማደርን ይለምዳሉ፤ ያን ጊዜም መሣሪያው ይነሣል። ደወሉ አልተማታም፣ አልተሳደበም፤ ሥራውንም ሲፈጽም ስፍራውን ለቀቀ።

በአንጻሩ በዚያው በአሜሪካ የ1974 ዓ.ም. አዳዲስ አውቶሞቢሎች ከፊት የተቀመጡት ሰዎች የደኅንነት ቀበቶ ካላሰሩ ሞተራቸው እንዳይነሣ ተደርገው ተሠሩ፤ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያም ነበራቸው። ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት፣ እንዲህ ያለው ማገጃም ሆነ ከ8 ሴኮንድ የሚበልጥ ጩኸት በመንግሥት ደንብ ግዴታ እንዳይሆን በሕግ ወሰነ። ቀበቶው ግን ሕይወት አዳኝ ነበረ።

«ተገዶ መዳን ወድዶ ከመሞት አይሻልምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሥጋን ከአደጋ ለማዳን ሕግ ቢያስገድድ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን መገደድ ሌላ፣ መታረም ሌላ ነው። ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት ብቻ ቀበቶውን ያሰረ ሰው፣ ጩኸቱ በሌለበት ይፈታዋል፤ ልቡ አልተማረምና።

ቅዱስ ጴጥሮስ ዶሮ ሲጮኽ ሰምቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። የዶሮው ጩኸት በግቢው ለነበሩት ሁሉ የሚሰማ ነበር፤ ያለቀሰው ግን ጌታው የነገረውን ቃል ያስታወሰው እርሱ ነው። ድምፅ ጆሮን ያነቃል፤ የሚመልሰው ግን አስቀድሞ በልብ የተቀመጠው ቃል ነው።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጅን በድምፅ ስታርሙ ድምፁ ከሥራው አይዘግይ፤ አያዋርድ፤ ምክንያቱም አስቀድሞ ይነገር፤ ልማዱ ሲጸናም ይቅር። በየሰዓቱ የሚጠራን የእጅ ስልካችንም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ካለ እርሱ መነሣትን፣ መሥራትንና ማረፍን ካስረሳን፣ መካሪነቱ ቀርቶ ጌታችን ሆኗልና። መልካም ደወል ማለት አንድ ቀን ሳይደወል ሥራው የሚፈጸምለት ነው።