የተቀመጠ ደም የማን ነው?

አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ የሰጠው ደም፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ለሌላ ጉዳይ ሊውል ይገባልን? ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል፤ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ዘንድ ግን የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የአሜሪካ ወታደሮች በኤች አይ ቪ መያዝ አለመያዛቸው ይመረመራል። ከምርመራው የተረፈው ሴረም፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ አልተጣለም፤ በሜሪላንድ ግዛት በማቀዝቀዣ ተከማቸ። ከ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተመለሱ ብዙዎች ምክንያቱ ባልታወቀ ሕመም ሲሰቃዩ ደግሞ፣ ወታደሩ ከመዝመቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ የሚቀዳው ደም ጭምር እንዲቀመጥ ተወሰነ። ክምችቱ ከ50 ሚሊዮን ናሙና በላይ ደርሷል።

በኢራቅ ባላድና በአፍጋኒስታን ባግራም በነበሩት የጦር ሰፈሮች ቆሻሻ ሁሉ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀር፣ በሜዳ ይቃጠል ነበር። ጭሱን የተነፈሱት «ታመምን» ሲሉ ማስረጃ ተጠየቁ። ተመራማሪዎችም ወደዚያ ክምችት ሄዱ፤ የዘመቱትንና ያልዘመቱትን ሴረም እያነጻጸሩ ዲዮክሲንንና ሌሎች የጭስ መርዞችን ፈለጉ።

ሥራው መልካም ነው። ሆኖም ደሙ የተቀዳው በትእዛዝ ነው፤ ወታደር እምቢ አይልም። ስለዚህ አስቀማጩ ባለ አደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። አደራ የሚከፈተው ለባለቤቱ ጥቅም ነው፤ ባለቤቱም ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ የከበደም ነገር አለ። ዲዮክሲን በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በቬትናም እስከ 1971 ድረስ የዛፍ ማርገፊያ ኬሚካል በረጩት የአየር ኃይል ሰዎች ደም ውስጥ በ1987 እንኳ ተገኝቷል። ብዙዎቹ ሌሎች የጭስ መርዞች ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣሉ። እነዚህን ከሳምንታት በኋላ በተቀዳ ደም ውስጥ መፈለግ፣ የትናንትን ጭስ ዛሬ ሰማይ ላይ እንደ መፈለግ ነው። ታዲያ ደሙ ዝም ስላለ ሰውየው ዋሸ ሊባል ነውን?

በ2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በእነዚያ አገሮች አገልግለው በተዘረዘሩት በሽታዎች የታመሙትን፣ ሕመማቸው ከአገልግሎታቸው የመጣ መሆኑን እንዲያስረዱ ሳይጠይቅ ይቀበላቸዋል። ፍትሕ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደሙ ሲመሰክር እንስማው፤ ዝም ሲል ግን ዝምታውን በባለቤቱ ላይ ምስክር አድርገን አናቁመው።